የወፍ ጫጩት በአዲስ አበባና በሌላው ዓለም እንዴት ታድጋለች? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዝናብ ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር ስልኬ አያርፍም። ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ አንዳንዴም በሰው በሰው ቁጥሬን ያገኙ ሰዎች ይደውሉልኛል። «ኮርኒሳችን ውስጥ ጫጩት ይጮኻል»፣ «ጃካራንዳው ሥር ወድቃ አገኘናት»፣ «ለምን አታድግም? ታማ ይሆን?» ይሉኛል። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ከቤቴ እስከ ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ባሉት ዛፎች ላይ ዓመቱን ሙሉ ወፍ አይጠፋም። ለዓመታት በደብተር የያዝኩትንና ከተመራማሪዎች ሥራ ያነበብኩትን አንድ ላይ አድርጌ መልሱን እዚህ ጽፌዋለሁ።

የማወራው ስለ ዘማሪ ወፎች ነው። ድንቢጥ፣ ሸማኔ ወፍ፣ አበባ የምትመጥ ወፍና የመሳሰሉት ማለት ነው። ርግብና ዋኔ የራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው እዚህ አልገባባቸውም።

የወፍ ጫጩት ለምን የዶሮ ጫጩት አትመስልም?

የዶሮ ጫጩት ከእንቁላሏ ስትወጣ ለስላሳ ላባ ለብሳ ነው። ዓይኗ ያያል። ወዲያው እናቷን ተከትላ መሬት ትጭራለች። የድንቢጥ ጫጩት ግን የምትወጣው ራቁቷን ነው። ዓይኗ ተከድኗል፣ አንገቷ ጭንቅላቷን መሸከም ያቅተዋል። ያላት ሆድና አፍ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ዓመት የበረንዳዬ ኮርኒስ ውስጥ ድንቢጥ ጎጆ ሠራች። በየጣሪያው የምናያት፣ ጀርባዋ ቡናማ ሆዷ ግራጫ የሆነችው ናት። በዱላ ጫፍ ትንሽ መስታወት አሰርኩና ወላጆቹ ምግብ ፍለጋ ሲወጡ ጠብቄ አየሁ። በቀን አንዴ፣ ያውም ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ። በመጀመሪያው ቀን ከአውራ ጣቴ አንጓ የማትበልጥ ሮዝ ሥጋ ነበረች። ቆዳዋ በጣም ስስ ስለነበር ሆዷ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ይታየኝ ነበር። በ5ኛው ቀን ዓይኗ እንደ ስንጥቅ ተከፈተ። በ7ኛው ቀን ክንፏ ላይ የስክሪብቶ ቀፎ የሚመስሉ ጥቃቅን ቱቦዎች ተደረደሩ። ላባው የሚያድገው እዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የቱቦዎቹ ጫፍ ፈንድቶ ላባው እንደ ቀለም ብሩሽ ብቅ ብቅ አለ።

ፍጥነቱን ለመረዳት ይህን አስቡ። የቤት ድንቢጥ ስትፈለፈል 3 ግራም ገደማ ትመዝናለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 25 ግራም ትጠጋለች። 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በሁለት ሳምንት 25 ኪሎ ሲገባ እንደማየት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁለት ወላጆች ከጠዋት እስከ ማታ በአፋቸው በሚያመላልሱት ምግብ ነው።

ዕድገቷ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ መሀል ላይ ይፈጥናል፣ ጎጆ ለመልቀቅ ስትቃረብ ይረጋጋል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ክብደቷ ቆሞ ብታዩ አትደንግጡ። ያን ጊዜ ጉልበቷ የሚሄደው ወደ ላባ ነው።

ጎጆ ውስጥ ስንት ቀን ትቆያለች?

በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ቀን። ከአየሩ በፊት የሚወስነው የጎጆው ዓይነት ነው። ቁጥቋጦ ላይ እንደ ስኒ ክፍት ሆኖ የተሠራ ጎጆ ድመትም ቁራም ያየዋል። እዚያ ያደገች ጫጩት መብረሩን በደንብ ሳትችል፣ በ11 ወይም በ13 ቀኗ ዘላ ትወጣለች። የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ወይም ጣሪያ ሥር ያለችው ግን ቤቷ አስተማማኝ ስለሆነ አትቸኩልም። ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዷ እስከ ሦስት ሳምንት ትቆያለች።

በሰሜን ዋልታ አካባቢ ደግሞ መሬት ላይ የሚራቡ ዘማሪ ወፎች አሉ። የላፕላንድ ሎንግስፐር ጫጩት ከ8 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ፣ መብረር ሳትችል በእግሯ ጎጆዋን ጥላ ትሄዳለች። እዚያ በጋው አጭር ነው። ፀሐይዋ ግን አትጠልቅም፣ ነፍሳቱም እንደ ጉድ ይፈላል። ወላጆች ጥቂት ሰዓት ብቻ አርፈው ይመግባሉ። ጫጩቷም ያንን አጭር ጊዜ አሟጣ ትጠቀምበታለች።

የፈረንጅ አገር ወፎች ብዙ ይፈለፍላሉ፤ የእኛዎቹ ለምን ሁለት ሦስት ብቻ?

ይህ ሳይንቲስቶችንም ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ጥያቄ ነው። ግሬት ቲት የምትባለው የአውሮፓ ወፍ 8 ወይም 9 እንቁላል መጣሏ የተለመደ ነው። በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራችውና በአዲስ አበባ ግቢዎች አበባ ስትመጥ የምናያት የተከዜ ወፍ ግን የምትጥለው አንድ ወይም ሁለት ነው።

ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ) ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው የወፍ ተመራማሪ ሬጂናልድ ሞሮ እ.ኤ.አ. በ1944 የአፍሪካ ወፎችን እንቁላል ብዛት አወዳድሮ ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላው እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ ዴቪድ ላክ ማብራሪያ አቀረበ። ወላጆች የሚጥሉት መመገብ የሚችሉትን ያህል ነው አለ። ለንደን ውስጥ በሰኔ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ስለዚህ ለምግብ ፍለጋ ጊዜ አለ። እኛ ጋ ግን የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተነሳች እናት ማታ 12 ሰዓት ላይ ሥራዋ ያበቃል።

ኮስታ ሪካ ይኖር የነበረው የወፍ ተመራማሪ አሌክሳንደር ስኩች ግን እ.ኤ.አ. በ1949 ሌላ ነገር አነሳ። በሞቃት አገር ጎጆ የሚዘርፈው ብዙ ነው፤ እባብ፣ ጦጣ፣ ትልልቅ ወፍ። ወላጆች በተመላለሱ ቁጥር ቤታቸውን ያጋልጣሉ። ስለዚህ ጥቂት ጫጩት፣ ጥቂት ምልልስ፣ ትንሽ አደጋ።

እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። አንዱን ምረጥ ብባል ግን በሰፈሬ የማየው ወደ ስኩች ያደላል። ጎጆው ያለበት ዛፍ አጠገብ ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ ቁራ ሲያርፍ እናትየዋ ምግቡን በአፏ እንደያዘች ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጠብቃለች። ቁራው ሳይሄድ አትገባም።

ቀስ ብላ የምታድግ ጫጩት ታማለች ማለት ነው?

አይደለም። ለዚህ ጥያቄ ብዙ ቦታ እሰጣለሁ፤ ምክንያቱም ሰዎች ከውጭ አገር ቪዲዮ ጋር እያወዳደሩ «የእኛዋ ዘገየች» ብለው ጎጆ ሲነካኩ አይቻለሁ።

ሮበርት ሪክሌፍስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የብዙ ወፎችን ዕድገት ለክቶ ነበር። በምድር ወገብ አካባቢ ያሉ ጫጩቶች በአማካይ ቀስ ብለው እንደሚከብዱ አሳየ። ከዚያ ቶማስ ማርቲን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በአሪዞና፣ በቬኔዝዌላና በማሌዥያዋ ቦርኒዮ ጎጆ ለጎጆ እየዞሩ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ሥራው አንድ የሚገርም ነገር አለው። የሞቃቱ አገር ጫጩት ክብደቷ ቀስ ይበል እንጂ ክንፏ ከክብደቷ አንፃር ቀደም ብሎ ያድጋል። ከጎጆ በወጣችበት ቀን የተሻለ ትበራለች ማለት ነው። ወላጆቿም ጥቂት ልጅ ስላላቸው ለእያንዳንዷ የሚያደርሱት ምግብ ይበልጣል።

ይህ የሚያያዘው ከወላጆቹ ዕድሜ ጋር ነው። የቀዝቃዛው አገር ወፍ ክረምቱን የማለፏ ነገር አጠራጣሪ ስለሆነ ብዙ ልጅ በፍጥነት ማድረስ ይሻላታል። በእኛ ዓይነት አገር ያለች ወፍ የሚቀጥለውን ዓመት የማየት ዕድሏ የሰፋ ነው። ስለዚህ ጥቂት፣ ግን የጠነከረ ልጅ ታሳድጋለች።

አዲስ አበባ ሞቃት አገር ናት ወይስ ቀዝቃዛ?

ለጫጩት ሁለቱንም ናት። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆንን ቀናችን የሞቃት አገር ቀን ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ደግሞ ሌሊታችን የደጋ ሌሊት ነው። ከሕዳር እስከ ጥር ንጋት ላይ ቴርሞሜትሩ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እኩለ ቀን ላይ ያው ቦታ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። የአውሮፓ ጫጩት በጥቂት ወራት ውስጥ የምታየውን ልዩነት የእኛዋ በአንድ ቀን ውስጥ ታየዋለች።

ራቁቷን የተፈለፈለች ጫጩት የራሷን ሙቀት መሥራት አትችልም። ሰውነቷ እንደ እንሽላሊት አካባቢውን ይመስላል። አንድ ሳምንት ገደማ ሆኗት ላባ ማውጣት ስትጀምር ነው ቀስ በቀስ ራሷን የምታሞቀው። እስከዚያ እናት ትታቀፋታለች። ብርድ በበረታ ቁጥር ረዘም ላለ ጊዜ ትታቀፋለች፤ ረዘም ላለ ጊዜ በታቀፈች ቁጥር ለምግብ ፍለጋ የምትወጣበት ጊዜ ያጥራል። የደጋ ወፍ ዕድገት ዋናው ፈተና ይህ ነው። ምግቡ ራሱ ወደ ሥጋ ሳይሆን ወደ ሙቀት ይሄዳል።

እህት ወንድም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ጫጩት ተቃቅፈው ሲተኙ ከአንዷ ይልቅ ሙቀት ይይዛሉ። የጎጆው ምንጣፍም ዋጋ አለው። የበረንዳዬ ድንቢጥ የዶሮ ላባ፣ ጥጥና ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ነገር ሰብስባ ነበር። የፌስታል ቁራጭም አልቀረ። ፌስታሉን ሳየው ደስ አላለኝም፤ የላስቲክ ክር የጫጩት እግር ላይ ሲጠመጠም አይቻለሁና። ግቢያችሁ ውስጥ ክርና የላስቲክ ቁራጭ ወድቆ ካገኛችሁ እባካችሁ አንሱት።

የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አይገድላቸውም?

አንዳንዴ ይገድላል። የበረታ ዝናብ ሦስት ነገር ያመጣል። ጫጩቷ ትረጥባለች፤ የረጠበች ጫጩት ቶሎ ትበርዳለች። የሚበርሩ ነፍሳት ይደበቃሉ፤ ምግብ ይጠፋል። እናት ደግሞ ልታቀፍ ወይስ ልመግብ በሚል መሀል ትያዛለች። በረዶ ከጣለ ክፍት ጎጆ ጭራሽ ይፈርሳል።

አንድ ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ግንብ አጠገብ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ የታቀፈች ወፍ አየሁ። ቅንድቧ ነጭ፣ ደረቷ ብርቱካናማ የሆነው፣ ሌሊቱ ሳይነጋ የምትዘምረው ወፍ ናት። ክንፎቿን እንደ ጃንጥላ ዘርግታ ጎጆውን ከድናዋለች። ውሃው ከምንቃሯ ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። ከአርባ ደቂቃ በላይ አልተነቃነቀችም። አባትየው ሁለት ጊዜ ትል ይዞ መጣ፤ እሷ ትንሽ ብድግ ስትል ከሥሯ ቢጫ አፎች ብቅ አሉ።

ያም ሆኖ ብዙዎቹ ወፎቻችን የሚራቡት ዝናቡን ተከትለው ነው። ዝናብ ሣር ያበቅላል፣ ሣር ነፍሳትና ፍሬ ያመጣል። ፍሬ የሚበሉት ሣሩ ዘር እስኪይዝ ይጠብቃሉ። ሸማኔ ወፍ ደግሞ ለጎጆዋ የሚታጠፍ ለምለም ሣር ያስፈልጋታል፤ ጣሪያ ያለው ቤቷ በሩ ወደ ታች ስለሆነ ዝናብ አይገባውም።

ሙቀት ቢጨምርስ? ጫጩት ሙቀት ትወድ የለ?

እስከ ልኩ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ካላሃሪ የተጠናች አንዲት ወፍ አለች። እኛ ከተማ የመብራት ሽቦ ላይ ቀጥ ብላ የምትቀመጠው፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ ጅራቷ ረጅም የሆነችው ወፍ የቅርብ ዘመድ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናት፣ ሙቀቱ ከ33 ዲግሪ ባለፈባቸው ቀናት ጫጩቶቹ የሚጨምሩት ክብደት ቀንሷል። ሙቀቱ ሲብስ ጎጆ ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ ረዘመ፣ እግራቸውም አጠረ። ላብ የላቸውም፤ አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ ነው የሚቀዘቅዙት። ያ ደግሞ ውሃ ይጨርሳል። ጫጩት ውሃ የምታገኘው ከምትበላው ትል ብቻ ነው።

አዲስ አበባ 33 ዲግሪ አትደርስም ትሉ ይሆናል። ጥላ ሥር ልክ ናችሁ። በየካቲትና በመጋቢት እኩለ ቀን ላይ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እጃችሁን አስገቡና እዩ። ለኮርኒስ ጫጩት የአየር ጠባዩዋ ያ ነው እንጂ ሬዲዮ ላይ የሚነገረው አይደለም።

ከሁሉም የሚገርመኝ የአውስትራሊያዋ ዜብራ ፊንች ናት። ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ ሲያልፍ እንቁላሉ ሊፈለፈል ጥቂት ቀን ሲቀረው ወላጆች ለየት ያለ ድምፅ ያሰማሉ። ተመራማሪዎች ያንን ድምፅ ቀድተው ለእንቁላሎች አሰሙ። ድምፁን የሰሙት ጫጩቶች ሞቃት ጎጆ ውስጥ ሲያድጉ አነስ ብለው አደጉ። ካደጉ በኋላ ግን ካልሰሙት የተሻለ ልጅ አፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ውጤት ነው። እናት ገና እንቁላል ውስጥ ላለ ልጇ «ውጭ ሞቃት ነው» ትለዋለች፤ ልጁም ሰምቶ ዕድገቱን ያስተካክላል።

የአየር ንብረት ለውጥ የአውሮፓ ጫጩቶችን ለምን ያስርባል?

ፀደዩ ቀድሞ ስለሚገባ ነው። ግሬት ቲት ልጆቿን የምትመግበው የዛፍ ቅጠል በሚበላ አባጨጓሬ ነው። ሙቀቱ ቀድሞ ሲመጣ አባጨጓሬው ቀድሞ ይፈላል፣ ቀድሞም ያልቃል። ጫጩቶቹ ምግብ በብዛት በሚያስፈልጋቸው ሳምንት ገበያው ተበትኖ ይጠብቃቸዋል። በኔዘርላንድስ ይህን ለአሥርት ዓመታት ተከታትለውታል። የእኛዎቹ ወፎች የሚጠብቁት ሙቀትን ሳይሆን ዝናብን ስለሆነ፣ በልግ ሲዛባ ነገሩ እኛም ጋ በሌላ መልክ ይመጣል ብዬ እሰጋለሁ።

ዳቦ ወይም እንጀራ ብሰጣትስ?

አይሆንም። ወተትም አይሆንም፤ ወፍ ወተት አይስማማትም። ውሃ አፏ ውስጥ አታንጠባጥቡ፤ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ድንቢጥና ሸማኔ ወፍ ራሳቸው እህል ቢበሉም ልጆቻቸውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመግቡት በነፍሳት ነው። ሥጋ ለመሥራት ፕሮቲን ያስፈልጋላ! መርዳት ከፈለጋችሁ ግቢያችሁ ውስጥ የነፍሳት መርዝ አትርጩ። ያ ከማንኛውም ፍርፋሪ ይበልጣል።

ጫጩት መሬት ላይ ወድቃ ባገኝ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ላባዋን እዩ። ላባ ካላት፣ ጅራቷ አጭር ከሆነ፣ የአፏ ጠርዝ ቢጫ ከሆነና ፈንጠር ፈንጠር ካለች አልወደቀችም፤ ጎጆዋን ለቃ ነው። ወላጆቿ ቅርብ ናቸው። ድመት ካለ ብቻ አንስታችሁ ቁጥቋጦ ላይ አስቀምጧትና ራቅ በሉ። ቤት ውስጥ ካርቶን ውስጥ አታስገቧት። በዚህ መንገድ ጤነኛ ልጅ ከእናቷ የተነጠለችበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ የሚያደርጉት ደግሞ ሁልጊዜ ደጎች ናቸው።

ራቁቷን ከሆነች ግን ወድቃለች። በእጃችሁ መዳፍ አሙቋትና ጎጆዋ ውስጥ መልሷት። ጎጆው ከፈረሰ ትንሽ የስፌት ሙዳይ ወይም የተበሳ ጣሳ ውስጥ ደረቅ ሣር አድርጋችሁ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ እሰሩት።

ሰው የነካትን እናት ትተዋታለች ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ልጅ ሆነን ሁላችንም የሰማነው ነው። ወፎች ልጃቸውን በሰው ጠረን አይጠሉም። ጎጆ የሚተዉት ደጋግሞ የሚረብሻቸው ሲኖር ነው፤ በተለይ እንቁላል ላይ እያሉ።

ትንሽ ወፍ ከእሷ የሚበልጥ ጫጩት ስትመግብ አየሁ። ምንድን ነው?

የኩኩ ጫጩት ሳትሆን አትቀርም። ኩኩ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ትጥላለች። ጫጩቷ ቀድማ ትፈለፈልና የቤቱን ልጆች ከጎጆ ገፍታ ትጥላለች። ያሳዝናል፤ ግን እሷም የዚህ አገር ወፍ ናትና አትንኳት።

ዛፍ መከርከም፣ ኮርኒስ መጠገን ያለብኝ መቼ ነው?

የአዲስ አበባ ወፎች የተለያየ ወር ስለሚራቡ «በዚህ ወር ደህና ነው» የሚባል ነገር የለም። ከመከርከማችሁ በፊት ከዛፉ ራቅ ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። አንድ ወፍ ምግብ በአፏ ይዛ ወደ አንድ ቦታ ከተመላለሰች፣ ወይም እንደ ነጭ ከረጢት ያለ የጫጩት ኩስ ይዛ ከወጣች፣ ልጅ አለ። ሦስት ሳምንት ታገሡ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤቴ የኮርኒሱን ቀዳዳ ሊደፍን ሲሚንቶ አቡክቶ ነበር። ቀዳዳው ሥር አብረን ቆመን አዳመጥን። ከውስጥ ጭር ጭር የሚል ድምፅ ተሰማ። ሲሚንቶውን ለደረጃው ስንጥቅ ተጠቀመበት። ከ16 ቀን በኋላ ጠዋት ደውሎ «ወጡ፤ ሦስት ናቸው፤ ሽቦው ላይ ተደርድረዋል» አለኝ። ቀዳዳውን የደፈነው በሚቀጥለው እሑድ ነው።